ፖሊስ ያልሆነ ሰው የሚመረምርበት፣ ሀብታም ቤት ውስጥ የሚካሄድ ልብ ወለድ ጠቁሙኝ

ሰብለ_አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ደም የሚረጭበት፣ ሰው የሚሰቃይበት የወንጀል ልብ ወለድ ሰልችቶኛል። ማታ ማታ ያነበብኩትን ለእናቴ እተርክላታለሁ፤ ጭካኔ ሲበዛ «ይሄን ተይው» ትለኛለች። እንቆቅልሽ ሲሆን ግን እንቅልፍ የላትም፣ ገና ከመጀመሩ «ገዳዩ እሱ ነው» ብላ ትሟገተኛለች።

የምፈልገው እንዲህ ዓይነቱን ነው። መርማሪው ተራ ሰው ይሁን። ቦታው ትልቅ ግቢ፣ ሠራተኛ የሞላበት ቤት፣ በውርስ ዓይንህን ላፈር የተባባለ ቤተሰብ። የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን መርማሪ ፖይሮን ትንሽ አንብቤያለሁ፤ እሱ ግን የቀድሞ ፖሊስ ስለሆነ የምለው ዓይነት አይደለም። በእንግሊዝኛ ቢሆን ችግር የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። እነዚህ ታሪኮች ለምንድን ነው ሀብታም ቤት የሚበዙት? ሀብታሞቹስ ምን ነክቷቸው ነው አንዲት ጎረቤት ገመናቸውን ስትበረብር ዝም የሚሉት? ይሄ አሳማኝ ሆኖ የተጻፈበትን ንገሩኝ።

ኪሩ_ዘፒያሳ

በቀጥታ ወደ ሚስ ማርፕል ሂጂ። ያው የአጋታ ክሪስቲ ናት። ያላገባች አሮጊት፣ ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ውስጥ የምትኖር፣ ሹራብ እየሠራች ወሬ የምትሰማ። የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1930 ነው የወጣው፣ በጠቅላላ 12 ናቸው።

እኔ የምልሽ በ1957 የወጣውን «ፎር ፊፍቲ ፍሮም ፓዲንግተን»ን ነው። አንዲት ሴት ባቡር ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት ስታይ፣ ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ ባቡር ውስጥ አንድ ሰው ሴት አንቆ ሲገድል ታያለች። ሬሳ ግን አልተገኘም። የሚያምናት ጓደኛዋ ሚስ ማርፕል ብቻ ናት። ሚስ ማርፕል ካርታ ዘርግታ ሬሳው ከባቡር ሊወረወር የሚችለው የት ጋ ነው ብላ ስታስብ፣ ሐዲዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ግቢ ታገኛለች።

አሁን ጥያቄሽን የሚመልሰው ቦታ መጣ። እሷ ዕድሜዋ ስለገፋ ራሷ አትገባም፤ ሉሲ የምትባል ወጣት በቤት ሠራተኝነት ትልካለች። ሉሲ ኦክስፎርድ ሒሳብ ተምራ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀች ናት። ጥሩ የቤት ሠራተኛ መጥፋቱንና ሀብታሞች ለእሱ ስንት እንደሚከፍሉ አይታ ነው ሥራዬ ብላ የያዘችው። እዚያ ቤት ገብታ ምግብ ታበስላለች፣ ቤት ታሰናዳለች። በእረፍቷ ጎልፍ እለማመዳለሁ ትልና ኳሷን ሆን ብላ ወደ ሐዲዱ ዳር ትመታለች፤ ከዚያ ኳስ ፍለጋ በሚል ሰበብ ቁጥቋጦውን ታስሳለች። ማንም «ምን ትሠሪያለሽ?» አላላትም። እንዲህ ነው አሳማኝ የሚሆነው። ምስጢር እንድታወጣ ብለው አይደለም ያስገቧት፣ እራት እንድትሠራ ነው።

ሀብታም ቤት ለምን ላልሽው፣ ኑዛዜ ስላለ ነዋ! እዚህ መጽሐፍ ውስጥ የቤቱ አባወራ ንፉግ ሽማግሌ ነው፣ ግን ዋናው ሀብት በእጁ አይደለም። የእሱ አባት ሲናዘዝ፣ ልጄ በሕይወት እስካለ ገቢውን ይብላ፣ ዋናውን ግን አይንካ፣ እሱ ሲሞት ለልጆቹ ይከፋፈል ብሎ ነው የሄደው። እንግዲህ አስቢው፤ ልጆቹ አባታቸው የሚሞትበትን ቀን እየጠበቁ አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ወራሽ በቀነሰ ቁጥር ደግሞ የቀሪው ድርሻ ይወፍራል። ደራሲዋ ከዚያ በኋላ ሰበብ መፈለግ አያስፈልጋትም፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ምክንያት አለው።

ሳምሪ

ኪሩ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ለመጀመሪያ እኔ «ኤ ፖኬት ፉል ኦፍ ራይ»ን ነው የምመርጠው። 1953። ምክንያቴ ደግሞ ሚስ ማርፕል እዚያ ላይ የምትመጣው በንዴት ስለሆነ ነው።

አንድ የለንደን ባለሀብት ቢሮው ውስጥ ሻይ ጠጥቶ ይወድቃል። ኪሱ ሲፈተሽ እህል ተገኘ፣ አጃ። የመርዙ ምንጭ የመኖሪያ ቤታቸው ስም የተወሰደበት ዛፍ ነው። ከዚያ ሞቱ ይቀጥላል፣ ከሟቾቹ አንዷ ግላዲስ የምትባል የቤቱ ሠራተኛ ናት። ልብስ ማስጫው ጋ ታንቃ ተገኘች፣ ገዳዩ አፍንጫዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ሰክቶባት ሄዷል። ያችን መቆንጠጫ መቼም አልረሳትም። ገድሎ አልበቃው ብሎ መሳቂያ ሊያደርጋት ነው እኮ የፈለገው።

ግላዲስን ከሕፃናት ማሳደጊያ ወስዳ የቤት ሥራ ያስተማረቻት ሚስ ማርፕል ነበረች። ጋዜጣ ላይ ስታነብ ሻንጣዋን ይዛ ትነሳለች። ለባለሀብቱ ሞት አይደለም የመጣችው፤ ዘመድ አዝማድ ለሌላት ለአንዲት ልጅ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ስለ ውርሱ ሲጨነቅ ስለ ግላዲስ የሚያስብ እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። ሰብልዬ፣ እናትሽ ይሄን ይወዱታል፣ ግን መጨረሻው ላይ መሀረብ አዘጋጂላቸው።

ሰናይት_ከባሕር_ማዶ

በውይይት ብዙ አልሳተፍም፣ ይሄን ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። አረብ አገር ትልቅ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰብለ «እንዴት ዝም ይላሉ?» ላልሽው፣ ዝም ማለት አይደለም፣ አያዩሽም። እመቤቲቱና እህቶቿ ስለ አባታቸው ንብረት ሲጨቃጨቁ እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ማን ምን እንደተደበቀበት፣ ማን ማንን እንደማያምን ሁሉንም ሰማሁ። አረብኛው እንደገባኝ እንኳ ማንም አልጠየቀኝም። ስኳር ስንት እንደሚፈልጉ ብቻ ነው የሚነግሩኝ። ስለዚህ የሉሲን ታሪክ ሳነብ «ይሄ እውነት ነው» አልኩ።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። አጋታ ክሪስቲ ሠራተኞችን ብዙ ጊዜ ፈሪና ቂል አድርጋ ነው የምትስላቸው። ግላዲስም ራሷ ከዚህ አላመለጠችም፣ የሚነግሯትን ሁሉ የምታምን ልጅ ናት። ሳምሪ እንዳለችው መጽሐፉ ያዝንላታል፣ ግን አክብሯት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ለዚያ ነው ከሁሉም ሉሲን የምወዳት። ሥራዋን ታውቃለች፣ ዋጋዋን ታውቃለች፣ አንድ ቤት ውስጥ ከሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ ከወር በላይ አልቀመጥም ትላለች። ሰው ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዮኒ_ማታ

ሰናይት፣ አመሰግናለሁ። በዚያ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር።

እኔ ደግሞ መርማሪው ራሱ ሀብታም የሆነበትን ልጨምር። የዶሮቲ ሴየርስ ሎርድ ፒተር ዊምዚ። የመስፍን ታናሽ ወንድም ነው፣ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ተዋግቶ አእምሮው ተጎድቶ የተመለሰ፣ አሽከሩ በንተር ደግሞ አብሮት የዘመተ። በ1926 የወጣው «ክላውድስ ኦፍ ዊትነስ» ላይ በነፍስ ግድያ የተከሰሰው የገዛ ወንድሙ ነው፣ መስፍኑ። ወንድምየው ግን ያን ሌሊት የት እንደነበረ አልናገርም ብሎ ድርቅ አለ። መስፍን ስለሆነ ደግሞ በተራ ፍርድ ቤት አይዳኝም፣ በእኩዮቹ በመኳንንቱ ምክር ቤት ነው ችሎት የሚቀርበው። ይሄ የደራሲዋ ፈጠራ አይደለም፣ እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1948 ድረስ ሕጉ እንዲያ ነበር። እዚህ ላይ «ለምን ዝም ይሉታል?» የሚባል ነገር የለም። የራሱ ቤት ገመና ነው የሚበረብረው፣ ባገኘ ቁጥርም ወንድሙንና እህቱን ይበልጥ ያጋልጣል።

ቋንቋው ግን ከክሪስቲ ይከብዳል። ለትረካ አይመችም፣ ለብቻሽ አንብቢው።

ሰብለ_አንባቢ

ኧረ ሁላችሁም ተባረኩ! ሰናይትዬ፣ የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብኩላት፣ «ይቺን ልጅ ሰላም በይልኝ» ብላለች። በሉሲ እንጀምራለን፣ ከዚያ ግላዲስ። ዊምዚ የኔ ነው።

ሚስ ማርፕሎቹን በቅደም ተከተል ማንበብ ግዴታ ነው?

ሳምሪ

አይደለም፣ ያገኘሽውን አንሺ። ሁለቱን ብቻ አደራ። «ኤ ካሪቢያን ሚስትሪ»ን (1964) ሳታነቢ «ኔመሲስ»ን (1971) እንዳትነኪ። መጀመሪያው ላይ ሚስ ማርፕል ራፊኤል ከሚባል በጣም ሀብታም ግን ነጭናጫ ሽማግሌ ጋር ትተዋወቃለች። ሁለተኛው ላይ ሰውየው ሞቷል፣ አንድ ወንጀል አጣርታ ፍትሕ ካስገኘች 20,000 ፓውንድ ትውሰድ ብሎ ተናዟል። ምን ወንጀል እንደሆነ ግን አልነገራትም። ሰውየውን ቀድመሽ ካላወቅሽው ለምን እሷን እንደመረጠ አይገባሽም።

ኪሩ_ዘፒያሳ

ትክክል። እናትሽ ሉሲ ላይ ገዳዩ ማን ነው እንዳሉ ደግሞ መጥተሽ ንገሪን፣ ብቻ ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት ይሁን።