ለአባቴ የአጥንት ሕመም ሞርፊኑ አልበቃ አለ

አባቴ የ74 ዓመት አዛውንት ናቸው፤ የምንኖረው ደሴ ነው። የፕሮስቴት ካንሰራቸው ወደ ወገብና ወደ ዳሌ አጥንታቸው ተሰራጭቷል። በየሦስት ወሩ ዞላዴክስ የተባለውን፣ ካንሰሩን የሚያበረታታውን ሆርሞን የሚቀንስ መርፌ፣ 10.8 ሚሊ ግራም ይወጋሉ።

ለሕመሙ መጀመሪያ ዳይክሎፌናክ ታዘዘላቸው፤ ኩላሊታቸው በመድከሙ ሐኪሙ አስቆሙት። ትራማዶልም እምብዛም አልረዳቸውም። አሁን የሚጠጣ ሞርፊን 10 ሚሊ ግራም በየአራት ሰዓቱ፣ ከፓራሲታሞል ጋር ይወስዳሉ። ጋደም ሲሉ ሕመሙ ይታገሳቸዋል። ሲነሡ ግን ጭንቅ ነው፤ መጸዳጃ ቤት የሚደርሱት የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ነው። የሆድ ድርቀቱን በቢሳኮዲል ተቆጣጥረነዋል። እግራቸው አልደነዘዘም፤ ሽንታቸውንም ይቆጣጠራሉ።

«ሱስ ያስይዛቸዋል፤ ሞርፊኑን ቀንሱላቸው» የሚሉ ዘመዶች አሉ። አልሰማቸውም። በዚህ ሕመም ውስጥ ያለን ሰው ማስታገሻ መንፈግ ጭካኔ ነው።

ሐኪሙ ሁለት መንገድ አቅርበውልናል፦ የሞርፊኑን መጠን እየጨመሩ መሄድ፣ ወይም ደግሞ ከዚያ ጎን ለጎን አዲስ አበባ ወስደን በወገባቸው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የጨረር ሕክምና ማድረግ። ጨረሩ ፋታ የሚሰጠው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን እንደሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ሕመሙ ሊብስ እንደሚችል ነግረውናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መንገድ ነው፤ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ወገባቸውን ነው የሚያገኛቸው።

እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያከማችሁ ወይም ያስታመማችሁ ሰዎች፣ የአንድ ጊዜው ጨረር ሲነሡና ሲራመዱ የሚመጣውን ሕመም ይህን መንገድ የሚያስኬድ ያህል ቀንሶላቸዋል?