ስልክ ይዞ ማደር የሥራ ሰዓት ነው?
ሰላም፣ የሠራተኛ ሕግ የምታውቁ ወይም ሰርቨር የምታስተዳድሩ እርዱኝ። ድርጅታችን አዲስ አበባ ነው፤ 5 ኢንጂነሮች ሰርቨሩ ሌሊት ችግር ቢገጥመው ማንቂያ እንዲደርሳቸው በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ስልክ ይዘው ያድራሉ።

ስልኩ ጮኾ ከተነሱ ነገሩ ግልጽ ነው፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። የተቸገርኩት ስልኩ ሳይጮህ ባደረ ሌሊት ነው። አዋጁ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ መገኘትንም የሥራ ሰዓት ይለዋል። ቤት ተኝቶ መጠበቅ እዚህ ከገባ አንድ ሌሊት ብቻውን የቀኑን የ4 ሰዓት የትርፍ ሥራ ጣሪያ ያልፋል፤ የሳምንቱ 12 ሰዓትማ አይነሳ።

የሰርቨሩ ዲስክ (ማከማቻው) 80 በመቶ ሲሞላ የሚጮኸውን ማንቂያ ወደ ጠዋት አዛውረነዋል (መጀመሪያውኑ ሰው መቀስቀስ አልነበረበትም)። የተነሳ ሰው በማግስቱ ከሰዓት እንዲገባም ታስቧል። የተጠባባቂነት አበሉን ግን በሥራ ደንባችሁ እንዴት ጻፋችሁት? በሌሊት ቁርጥ ነው ወይስ ከደመወዝ በመቶኛ?