ለየቀኑ መንጃ አዲስ ፖርሽ 911 ወይስ ያገለገለ ፌራሪ?

ጥያቄው፦ ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛችን ለአዲስ 911 የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሟል። በዚያው ገንዘብ አካባቢ ያገለገለ ፌራሪ ኤፍ430 ይገኛል። መኪናው ሥራም ያደርሰዋል፣ ልጁንም ትምህርት ቤት ያመላልሳል። የቱን ይግዛ?

ከዱባይ፦ ፌራሪውን! 911 በየፓርኪንጉ ሞልቷል። ስለ ጥገና የሚወራው የድሮ ወሬ ነው። በ1990ዎቹ በነበረው ኤፍ355 የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ውስጥ ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረውን) ለመቀየር ሞተር ይወርድ ነበር። በ2004 የመጣው ኤፍ430 ግን በቺንጋው ፋንታ በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ምን ያስፈራል?

ከሜሪላንድ፣ ጋራዥ የምሠራ፦ የሰንሰለቱ ነገር እውነት ነው ወንድሜ። ችግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። አብዛኛው ኤፍ430 ኤፍ1 የሚባለው ካምቢዮ አለው። የፍሪሲዮን ፔዳል የለውም እንጂ ውስጡ ያው አንድ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ማንዋል ነው። 495 በሚባለው ትልቁ መንገድ ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት ቆም ሄድ እያሉ ሲነዱት ያልቃል። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ማድረግ ደግሞ ይብሳል። የ911 ፒዲኬ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ሁለት ፍሪሲዮን አለው፤ በዘይት ውስጥ ስለሚሠሩ ትራፊኩን ይችሉታል። ደግሞ ልጁስ? ፌራሪው ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። 911ን ከኋላ ትናንሽ መቀመጫ ጨምሮ ማዘዝ ይቻላል። በብርዱ ወራትም የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደርቃል፣ መንገድ አይዝም። ዱባይ ሆነህ ይህ አይታይህም።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። እዚህ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ ቅጣት አይደለም፤ ሬክለስ ድራይቪንግ (በግድየለሽነት መንዳት) ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል። እስከ 12 ወር እስራት አለው። ሪከርድህ ላይ ከገባ ሥራም ያበላሻል። ይህን ሁሉ ጉልበት የት ሊጠቀምበት ነው? በዚያ ላይ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ግብር ይጠይቃል።

ከዱባይ፦ ቆይ፣ ይህ እኮ ለ911ም ይሠራል። ግብሩም ሕጉም እኩል ነው። ፌራሪውን ብቻ ለምን ትኮንናለህ?

ከቨርጂኒያ፦ ልክ ነህ፣ ስለዚህ ሁለቱንም አልመክርም። ትንሿን ስፖርት መኪና ማዝዳ ሚያታን ይመልከት። አንድ ቶን ገደማ ብቻ ነው የሚመዝነው፤ በ45 ማይልም መሪው ላይ ደስታው ይሰማል። ዋጋው የ911ን ሲሶ አይሞላም። ለልጁ በቀረው ገንዘብ ደህና የቤተሰብ መኪና ይጨምር።

ከሜሪላንድ፦ በሁለት መኪና ሐሳብ እስማማለሁ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን 911 ነው፤ ልጅ አለዋ! ልቡ ከፌራሪው አልነቀል ካለ፣ ሳይከፍል በፊት የፍሪሲዮኑን ማለቅ በኮምፒውተር ያስነብብ። የአገልግሎት መዝገቡንም ከመጀመሪያው ባለቤት ጀምሮ ይይ። መዝገቡ ከተቆራረጠ ዋጋው ቢረክስም አይግዛ።