ሦስት ኢንቬስተር፣ አንድ ዋጋ፦ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሳን ሆዜ ውስጥ ትንሽ የሶፍትዌር ኩባንያ ጀምሬ ገንዘብ እያፈላለግኩ ነው። ሦስት ኢንቬስተሮችን ለየብቻ አነጋገርኩ። የሁሉም መልስ አንድ ሆነ፤ የኩባንያው ዋጋ ጣሪያ 4 ሚሊዮን ዶላር። አጋጣሚ ነው ብዬ ነበር። ትናንት ግን አንዱ ኢሜይል ሲልክልኝ የእርስ በርስ ምልልሳቸውን ከሥሩ ሳያጠፋው ቀረ፦ «ማናችንም ከ4 አንለፍ»። ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

በግልጽ ተሰባስበው አብረው ቢገቡ የተለመደ ነው፣ ምንም አልልም። እነዚህ ግን ተፎካካሪ መስለው ነው የቀረቡኝ። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው የአሜሪካ የሸርማን ሕግ ተፎካካሪዎች በዋጋ ላይ እንዳይመሳጠሩ ይከለክላል፤ ሻጭን ብቻ ሳይሆን ገዢንም። የእኔ ጉዳይ እዚያ ውስጥ ይገባል? ወይስ ጠበቃ ይስቅብኛል? ለሠራተኛ የምከፍለው የሁለት ወር ብቻ ነው የቀረኝ። ኢሜይሉን ማየቴን ልንገራቸው ወይስ ዝም ብዬ አራተኛ ሰው ልፈልግ? የደረሰበት ካለ እባካችሁ።