የስኳር ድንች ሐረግ ገፈራ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ከተማ፣ ከቀርሳና ከማና ወረዳ ለመጣችሁ። የማኅበራችንን ፕሮፖዛል ሳንበተን እየተመካከርን እንጨርሰው። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጥቅምትና በኅዳር ስኳር ድንች ሲቆፈር ሐረጉ ማሳ ላይ ይከመራል። ከብቱ የቻለውን ይበላል፣ የቀረው ይበሰብሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ያው ከብት የበቆሎ አገዳ ሲያኝክ ይከርማል። ውኃው ተነስቶለት ሲሰላ ሐረጉ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ፕሮቲን አለው። አገዳው 5 በመቶ ከያዘም ጥሩ ነው። እናድርቀው እንዳንል የጅማ ዝናብ በጥቅምትም አይለቅም፤ ፀሐይ ቢገኝ እንኳ ዋናው ቅጠሉ ረግፎ እንጨቱ ይቀራል። ስለዚህ በገፈራ መልክ፣ ማለትም እርጥቡን ከትፈንና ጠቅጥቀን፣ አየር አሳጥተን እንዲኮመጥጥ በማድረግ እናቆየው ነው የምለው። ረቂቁ ላይ አንድ የመቆራረጫ ማሽንና አንድ ትልቅ የጋራ ጉድጓድ አስገብቻለሁ። ምን ትላላችሁ?

የቀርሳ አባል፦ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ግን ዘሩስ? ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረጉ ነው። ሁሉን ለከብት አብልተን ሰኔ ላይ ከማን ደጅ ልንቆም ነው? አንድ ፈጫሳ (ሩብ ሄክታር) መሬት በ60 በ30 ሳንቲ ሜትር ሲተከል ወደ 14 ሺህ ቁራጭ ይፈልጋል። ፕሮፖዛሉ ከዘር ካልጀመረ እኔ አልፈርምም።

የእንስሳት ሐኪም፦ ጋሼ ልክ ብለዋል፣ እኔም ከዚያ ይጀመር ባይ ነኝ። ደግነቱ ሁለቱ አይጣሉም። ለዘር የሚሻለው የሐረጉ ጫፍ ነው፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል። የስኳር ድንች ነቀዝ እንቁላሉን አብዝቶ የሚጥለው ወደ ሥሩ በቀረበው፣ ባረጀው ግንድ ላይ ነው። ጫፉን ለዘር፣ የቀረውን ለከብት ካልን ንጹህ ዘር አገኘን ማለት ነው። ጫፉም ውኃ ባለበት ቦታ፣ በወንዝ ዳር ወይም በጉድጓድ አጠገብ፣ ተተክሎ በጋውን ይሻገራል። አንድ ነገር ልጨምር። ሐረጉ የሚታጨደው ድንቹ ሲቆፈር ይሁን። ቀድሞ ከታጨደ ድንቹ ያንሳል፤ የቤተሰቡን ምግብ ለከብት መስጠት ይሆናል።

የማና አባል፦ እኔ ደግሞ ጉድጓዱን አልወደድኩትም። ገፈራ አንዴ ከተከፈተ አየር ይገባዋል። በየቀኑ ከፊቱ እኩል እየተቆረጠ ካልተነሳለት ይሻግታል። ሁላችንም እየመጣን ከፈለግንበት ስንጭር ምን እንደሚተርፍ አስቡት። ማሽኑም ነዳጅ፣ ጠጋኝና ጠባቂ ይፈልጋል። ለመጀመሪያው ዓመት ገጀራ ይበቃናል።

የከተማ ወተት አምራች፦ ከማና አባላችን ጋር ነኝ። እኔ ግቢዬ ውስጥ በጆንያ ነው የማስቀምጠው። አሠራሩን ልንገራችሁ፣ እንዳለ ይግባበት። ጤዛው ሲለቅ አጭዳለሁ። እስከ ማግስቱ አሰጣዋለሁ፣ ዝናብ ካስፈራራ ከጣሪያ ሥር። ከዚያ በሁለት ጣት ስፋት እከትፈዋለሁ። ለ100 ኪሎ ሐረግ 10 ኪሎ ፉርሽካ እቀላቅላለሁ፤ ፉርሽካ ሲወደድ የበቆሎ እብቅም ይሆናል። ወሳኙ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንድ እፍኝ አንስታችሁ አጥብቃችሁ ጨብጡ። በጣቶቻችሁ መሃል ውኃ ከወረደ አልጠወለገም፣ ይቆይ። እጃችሁን ስትከፍቱ ወዲያው ከተበተነ ደርቋል፣ ውኃ ርጩበት። ቅርጹን ይዞ ቀስ እያለ ከተፈታ ያ ነው። ጆንያው ውስጥ ሁለት ላስቲክ ደርባችሁ፣ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ በጡጫ ጠቅጥቁት። ጥጋጥጉን አትርሱ፣ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አየሩን ጨምቃችሁ እሰሩ፣ ከአይጥና ከፀሐይ አርቁ። በወር ገደማ ሲከፈት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ደህና እርሾ ኮምጠጥ ይላል። ጥቁር፣ የሚያዳልጥ ወይም ፋንድያ ፋንድያ የሚሸት ከሆነ ምንም ቢያሳሳ ይጣል።

የቀርሳ አባል፦ ለአንድ ላም ስንት ጆንያ?

የከተማ ወተት አምራች፦ በቀን 8 ኪሎ ብንይዝ ለ60 ቀን 480 ኪሎ ነው። ጆንያው 40 ኪሎ ከያዘ 12 ጆንያ። ከገለባና ከአገዳ ጋር እየተሰጠ ነው እንጂ ብቻውን አይደለም።

የእንስሳት ሐኪም፦ ሦስት ማስጠንቀቂያ በደማቁ ይጻፍልን። አንደኛ፣ የሻገተ ወይም የበሰበሰ ስኳር ድንች እንዳይቀላቀል። የከብትን ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ይፈጥራል፣ ሊገድልም ይችላል። ሁለተኛ፣ በጥቂቱ ተጀምሮ በሳምንት ውስጥ ከፍ ይበል። ሦስተኛ፣ ለምትታለብ ላም ከታለበች በኋላ ይሰጣት፣ ሽታው ወተቱን እንዳይዘው።

የማና አባል፦ የመጀመሪያው ዓመት በጥቂት ቤት ይሞከር፣ ከየቀበሌው ፈቃደኛ ይመረጥ። መጀመሪያ ወይዛዝርቱ ይጠየቁ። የሚያልቡት እነሱ ናቸው፣ ወተት ሲቀንስም ሲጨምርም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ማሽኑንና ጉድጓዱን አወጣሁ። አዲሱ የዓላማ አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «እያንዳንዱ ተሳታፊ በቆፈራ ጊዜ የሐረጉን ጫፍ ለዘር ለይቶ ውኃ ባለበት ቦታ ይተክላል። የቀረውን አጠውልጎ፣ ከትፎና ጠቅጥቆ በየቤቱ በጆንያ ያስቀምጣል። ማኅበሩ ላስቲክ፣ ጆንያና ፉርሽካ በጋራ ይገዛል፣ ሥልጠናውንም በቆፈራው ማሳ ላይ ይሰጣል።» የወተቱን ልክ ከገፈራው በፊትና በኋላ በየቤቱ እንመዘግባለን። ናሙና እንዲመረመርልን ለጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የማናው ወንድማችን የላስቲክና የጆንያ ዋጋ ከመርካቶ ጠይቆ ያምጣልን። ጋሼ፣ የዘሩን ክፍል እርስዎ ይጻፉት፣ ከዚያ ይፈርማሉ።

የቀርሳ አባል፦ እጽፈዋለሁ። በበጋው ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ ግን በስም ይግባ፣ «ማኅበሩ ያጠጣል» ከተባለ ማንም አያጠጣም።