ክርክር፦ ለአምፕሊፋየር ካፓሲተር ትልቁ ይሻላል ወይስ ልኩ?

ባለ ሞንታርቦ፦ ሰላም ቤቶች። ለሠርግ የማከራየው አምፕሊፋየር ገና ሲበራ «እምምም» ማለት ጀመረ። ብፈታው ሁለቱ ዋና ካፓሲተሮች አናታቸው አብጧል። የመያዝ አቅማቸው 4700 ማይክሮፋራድ፣ የሚችሉት ቮልት እስከ 50 ነው፤ ትራንስፎርመሩ 35-0-35 (ከመሃሉ በየወገኑ 35 ቮልት ኤሲ)። መርካቶ ባለሱቁ «22,000 አድርግበት፣ ቤዙ ሌላ ይሆናል» አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ቤዝ ወዳዱ፦ እውነቱን ነው! እኔ 22,000 ካስገባሁ ወዲህ ከበሮው ደረቴን ነው የሚመታኝ። ካፓሲተር ማለት ሮቶ ነው በቃ። ትልቅ ሮቶ ያለው ሰው ውሃ ሲጠፋ ይጨነቃል?

ጋሽ ጥገና፦ ሮቶውን ማን ሊሞላልህ ነው? ባዶ ካፓሲተር ማብሪያውን ስትጫን ልክ እንደ ሾርት ነው። ፊውዙ ይሄዳል። ባለቤቱ ተናዶ ፊውዙን በሽቦ ያስረዋል፤ ቀጥሎ የሚሄደው ብሪጁ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ነው። በሽቦ ታስሮ የመጣልኝን ብቆጥር አይመሽም?

የ5ኛ ዓመቷ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሒሳቡን ላስገባ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ካፓሲተሩ ከብሪጁ በኋላ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል፤ በመሃል ያለውን 10 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻውን ነው የሚመግበው። 3 አምፔር ቢሳብ፣ 4700 ላይ ቮልቴጁ በ6 ቮልት ገደማ ይወርዳል። 10,000 ላይ 3፣ 22,000 ላይ 1.4 ገደማ። እንግዲህ 10,000 ያዋጣል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ለብሩ የሚሆን አይመስለኝም።

ጋሽ ጥገና፦ በ10,000 አልጣላሽም ልጄ። የሚያበሽቀኝ ሁላችሁም ማይክሮፋራድ ስትቆጥሩ ቮልቱን ያየ አለመኖሩ ነው። ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ ኤሲው ጫፍ ድረስ ነው፤ 35ን በ1.41 አባዢው፣ 49 ምናምን ይመጣል። እሱን 50 ቮልት ካፓሲተር ላይ! መብራቱ ከ220 ያለፈ ቀንስ? አናቱን ያሳበጠው ይሄ ይመስለኛል። 63 ይሁን፣ እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችለውን ፈልግ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር።

ቤዝ ወዳዱ፦ ቮልቱን ተቀብያለሁ። ግን የኔ 22,000 ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ፊውዝም አልበላ!

ጋሽ ጥገና፦ 22,000 መሆኑን በምን አወቅህ? ላዩ ላይ ስለተጻፈ? እኔ በቀደም አንዱን በቢላ ቀደድኩት፤ 10,000 የሚል ቆርቆሮ ውስጥ የአውራ ጣት የምታክል ሌላ ካፓሲተር ተቀምጣለች። ሲያዝ ቅል ብሎ ያስታውቃል። ሳትለካ አትግዛ።

ቤዝ ወዳዱ፦ እንዴ ጋሼ፣ ደረቴን የመታኝስ?

የ5ኛ ዓመቷ፦ የቆየው ደርቆ ከነበረ አዲስ 4700ም ይመታህ ነበር 😂

ባለ ሞንታርቦ፦ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣ ያለ ጭነት ለካሁት፤ 54.3! ጋሼ ልክ ነዎት። ነገ 10,000 በ63 እገዛለሁ።

ጋሽ ጥገና፦ ያበጠው ላይ አብርተህ፣ ፊትህን ደግነህ ለካህ? ቢፈነዳስ አንተ ልጅ! አሁን ከሶኬት ንቀለው። አሮጌዎቹን ከማውጣትህ በፊት በረዚስተር አራግፋቸው፣ ዜሮ መድረሳቸውንም በሜትር እይ። በካቻቢቴ ሾርት እንዳታደርግ ብቻ፤ የኔ ካቻቢቴ ጫፉ ቀልጦ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ።