እማዬን በመርከብ ላዝናናት ነው፤ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይበቃል?

ከፍራንክፈርት (አሁን አራት ኪሎ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእረፍት መጥቼ አራት ኪሎ እናቴ ቤት ነኝ። እማዬ በልጅነቷ ምጽዋ አክስቷ ጋር ኖራለች። ከዚያ ወዲህ ባህር አላየችም። በሚቀጥለው ዓመት በመርከብ ላዞራት ቆርጫለሁ። ሁለት ጉዞ ይዣለሁ። አንዱ ከጄኖቫ ተነስቶ ቪልፍራንሽ ሱር ሜር የምትባል የፈረንሳይ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ይቆማል። ሌላው ከትሪየስቴ ተነስቶ ሞንቴኔግሮ፣ ኮቶር ይደርሳል። ፒያሳ ያነጋገርኩት የጉዞ ወኪል «የትኛውም ሸንገን (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ይሠራል» አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ እማዬ የምትኖረው የቀበሌ ቤት ነው፣ ካርታ የላትም። እንደምትመለስ በምን ላሳምናቸው?

ከብራስልስ፦
እህቴ፣ ኮቶርን ተዪው። ሞንቴኔግሮ ሸንገን አይደለችም። መርከቡ እዚያ ደርሶ ሲመለስ እናትሽ እንደገና እንደገባች ይቆጠራል። የአንድ ጊዜ ቪዛ ከያዘች መመለሻ የላትም። መልቲፕል (ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ) እጠይቃለሁ እንዳትዪ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እንደ ፈረንጆቹ ለኢትዮጵያውያን መልቲፕል መስጠት አቁሟል። መልሱን ለመስጠትም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ስለዚህ መርከቡ የሚነካቸው ወደቦች በሙሉ ሸንገን መሆናቸውን አረጋግጪ። ጣሊያንና ፈረንሳይ ብቻ ከሆነ በመሃል ባህር ላይ ማደሩ እንደ መውጣት አይቆጠርም።

ሌላም ልብ በይ። መርከቡ ከጣሊያን ስለሚነሳ ብቻ ጣሊያን ኤምባሲ አትሂጂ። አንቺ ጋር ፍራንክፈርት ብዙ ቀን የምትቀመጥ ከሆነ ማመልከቻው ለጀርመን ነው። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላልና አትዘግዪ።

ከሮም፦
ቪልፍራንሽን አውቃታለሁ፣ ጥሩ መርጠሻል። ግን የእናትሽ ጉልበት እንዴት ነው? መርከቡ ወደቡ ድረስ አይጠጋም። ባሕረ ሰላጤው መሃል ላይ መልህቅ ይጥልና ሰው በትንንሽ ጀልባ ይወርዳል። ማዕበል ካለ መውረድም ይቀራል። ከተማዋ ዳገትና ደረጃ ናት። ጣሪያ የተሠራባት ሩ ኦብስኩር የምትባል የ13ኛው ክፍለ ዘመን መንገድ አለች፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጨለም ያለች ናት። ዳገቱ ከከበዳት ወደቡ ዳር ቁጭ ትበል። ቅዱስ ጴጥሮስ የተባለው የዓሣ አጥማጆቹ ትንሽ ቤተ ጸሎት እዚያው ነው። ድሮ መረባቸውን ያስቀምጡበት ነበር።

ከዳላስ፦
ይቅርታ፣ እኔ ግን ልናገር። ለአንድ ሳምንት መርከብ የምታወጪውን ብር ለእናትሽ ብትሰጫት አይሻልም? ኑሮው እንዴት እንደሆነ እዚያው ሆነሽ እያየሽው ነው። የቤቷን ጣሪያ አሳድሺላት። እኛ በየወሩ እንልካለን፣ አሁንም አይበቃም።

ከጅዳ፦
ወንድሜ፣ እንዲህ አትበል። እኔ ገንዘብ መላክ ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ ነው። ጣሪያ አሳድሻለሁ፣ ፍሪጅ ገዝቻለሁ። እናቴ «ገንዘቡ ደርሶኛል፣ አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?» ነው የምትለኝ። ቀይ ባህር እዚህ ደጄ ነው፣ ከእሷ ጋር ግን አንድ ቀን አልተቀመጥኩበትም። እህቴ፣ ውሰጃት። ሰው ምን ይላል አትበዪ።

ከዳላስ፦
እናት አትዝናና አላልኩም። የቀበሌ ቤት ዛሬ አለ፣ ነገ ፍረስ ይባላል። ፒያሳ ላይ የሆነውን አላያችሁም? ያን ጊዜ መርከብ አያስጠልላትም።

ከሮም፦
ታዲያ ቤቱ ይፈርሳል ተብሎ ሰው ባህር ሳያይ ይሙት? ገንዘቡ የልጅቷ ነው። ከእናቷ የወር ወጪ እቀንሳለሁ አላለችም።

ከዳላስ፦
ጥያቄ ስትጠይቅ ሐሳብ ሰጠሁ። ሐሳብ የማይፈልግ ለሕዝብ አይጽፍም።

ከፍራንክፈርት (አሁን አራት ኪሎ)፦
እባካችሁ አትጣሉ። ለእማዬ በየወሩ እልካለሁ፣ እሱ አይቀርም። ኮቶርን ትቼዋለሁ፣ የብራስልሱ ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። የካርታው ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ጀርመን የምፈርመው የዋስትና ወረቀት ወጪዋን እንጂ መመለሷን አያሳይም። ያላት የጡረታ ደብተር፣ የእድር ደብተርና እዚህ የቀረው ታናሽ ወንድሜ ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ ለሚኖር ወላጅ ቪዛ ያስመታ አለ? ምን ምን ወረቀት አያያዛችሁ?

ከዳላስ፦
የወረዳ ደብዳቤ ሞክሪ። ስለ ጣሪያው ያልኩትን ግን አስቢበት።